ከግንቡ ወዲህ፣ ከግንቡ ወዲያ

ፎንታል፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1983

ይድረስ ለተከበሩ ዘመዴ ለቤልሚሮ፣ ካራካስ።

የባሕር እመቤታችን እርስዎን፣ ባለቤትዎንና ልጅዎን ሉርደስን በጤና ትጠብቅልኝ። የዳቦ ቤትዎም እሳት አይጥፋ። እኛ፣ ይህ መኖር ከተባለ፣ አለን።

ማን ናት ይሉ ይሆናል። የእርስዎ ሴት አያትና የእኔ ሴት አያት እህትማማቾች ነበሩ። ዲዮሊንዳ ነኝ። ወደ ቬኔዙዌላ ሲሄዱ ጠባብ ጫማ አድርጋ ስታለቅስ የነበረችው ልጅ። «የምታለቅሺው ለእኔ ነው ወይስ ለጫማው?» ብለውኝ ነበር። ለጫማው ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

ባለቤቴ ኦራሲዮ ሞተ። ጀልባዋ ዓሣ ጭና ስትመለስ፣ ከዳር ድንጋይ ቢወረውሩ በሚደርስበት፣ ማዕበሉ በሚሰበርበት ቦታ ተገለበጠች። እኛ ሴቶቹ መጎተቻውን ገመድ ይዘን ቆመናል። ስሙን እጠራው ነበር። ሲሰማኝ አይቻለሁ፤ ዞሮ አይቶኛል። ባሕሩ በሳምንቱ መለሰልንና ቀበርነው።

አሁን ጀልባዋን የያዘው ልጄ አቢሊዮ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሌላ ልጅ የለኝም። ሌላ ሥራ ፈልግ ስለው «ታዲያ ምን ልሁን እማዬ፣ ቄስ ልሁን? የሰው ኃጢአት ልሰማ ቀርቶ የራሴንም ተናግሬ አልጨርስ» ይለኛል። ያስቀኛል። እየሳቅሁ አለቅሳለሁ።

ገንዘብ ልለምንዎ አይደለም የጻፍኩት። ባሕሩ ዳር ያለው የትሎቹ ቀፎ ያበላናል። ባሕሩ ሲሸሽ ወርጄ ሸርጣኑንና ጥቁሩን ዛጎል፣ ለመንጠቆ የሚሆነውንም ትል እለቅማለሁ፤ ለእኔና ለልጄ ይበቃል። የምለምንዎ ግንብ ነው። ማዕበሉን ከፊት አቁሞ ጀልባዎቹን የሚያሳልፍ የድንጋይ ግንብ። ከዚህ ብንጮህ ሊስቦን ማን ይሰማናል? እናንተ የፎንታል ልጆች እዚያ ማኅበር አላችሁ፤ ማኅተም አላችሁ። ልጄን በሕይወት ያቆዩልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅዎም።

አክባሪዎ ዲዮሊንዳ


ካራካስ፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1983

ለእህቴ ለዲዮሊንዳ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የኦራሲዮንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልሽ።

ደብዳቤሽን ባንኮኒው ላይ ቆሜ አነበብኩት። አንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ አልሰማሁትም። አባቴም እዚያው ቦታ ነው የቀረው፣ ታውቂያለሽ። እዚህ ባሕሩ ከተራራው ማዶ ነው፤ ስንት ዓመት ስኖር አንድ ቀን ሄጄ አላየሁትም። ሚስቴ ይህን ሰው ከየት ነው ያመጣሁት ትላለች።

ግንቡ ይሠራል። አልኩሽ፣ ይሠራል! የማኅበሩን ሰዎች እሑድ ሰብስቤ ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው፤ ሙሉ አዳራሽ ወንድ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሁሉም ፈረመ። ከእነሱ መካከል ባሕሩ ሰው ያልወሰደበት ቤት የለም። ሚኒስትሩ እስኪሰለቸው እንጽፍለታለን።

ቀፎው ብለሽ ልጅነቴን አመጣሽብኝ። እነዚያ ትሎች አሁንም ማዕበሉ የሚያነሣላቸውን አሸዋ ቅንጣት በቅንጣት እየቀለቡ፣ በምራቃቸው እያጣበቁ ቤት ይሠራሉ? ልክ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ፣ እስከ ወገቤ የሚደርስ። ባሕሩ ሲሸሽ ላዩ ላይ ስሮጥ እናቴ «አንተ! የሰው ቤት ጣራ ላይ ነው የምትሄደው!» እያለች በጥፊ ታጮለኝ ነበር። በመሐል በመሐሉ ባለው መንገድ ብቻ ነበር የምንረግጠው። አሁንም እንደዚያ ነው?

አቢሊዮን ሳሚልኝ። ቄስ እንዳይሆን፤ ዘሩ ያልቃል።

ወንድምሽ ቤልሚሮ


ፎንታል፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1985

ለተከበሩ ወንድሜ ለቤልሚሮ፤ እጅዎ አይዛል፣ የእንጀራዎ ገበታ አይጉደል።

ግንቡ ቆመ! ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና ድንጋይ ሲያመላልስ ኖሮ ባለፈው ወር አለቀ። ጀልባዎቹ ከውስጥ ይወጣሉ፣ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ የሚጎትታቸው ገመድ እንኳ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ቀን አቢሊዮ ከባሕር ሲመለስ ልብሱ ደረቅ ነበር። «ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ደነገጥኩበት። «ምንም አልሆንኩም፤ እንደ ባለሥልጣን ከጀልባ ወረድኩ» አለኝ።

ጎረቤቴ ዙልሚራ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች የምታሳድገው፣ ምላሷ አያርፍ፤ «እንግዲህ ባሎቻችን ላይሞቱልን ነው፣ ምን ይሻለናል?» ብላ ሴቱን ሁሉ በሳቅ ገደለችው። እኔም ሳቅሁ። ከኦራሲዮ በኋላ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ካህኑ በቅዳሴ ስምዎን ጠራ።

አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ ማዕበሉ ከደጄ ሲጮህ ነው የኖርኩት። አሁን ዝም አለ። ነቅቼ እቀመጥና «ምን ሆነ?» እላለሁ። ምንም አልሆነም። ይለመዳል።

ውለታዎን የምከፍልበት የለኝም። ልጄን ሰጡኝ።

ዲዮሊንዳ


ካራካስ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1986

ለእህቴ ለዲዮሊንዳ፤ አዲሱ ዓመት የዕረፍት ዓመት ይሁንልሽ።

ደብዳቤሽን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ ብልሽ አልዋሸሁም። ዳቦ ሊገዛ ለሚመጣ ሁሉ አነበብኩለት። ጋስፓር የሚባል የፖርቶ ሰው አለ፣ ደንበኛዬ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ግንቡን ራስህ ተሸክመህ የወሰድከው አስመሰልከው» አለኝ። እንዲያ ቢለኝም አልከፋኝም። በሕይወቴ ከዳቦ በቀር የሠራሁት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ዳቦ ደግሞ በማግሥቱ ይደርቃል።

ዝምታውን ልመጂው እንጂ! ሰው ሁሉ የሚለምነው ዝምታ ነው። ስለ ቀፎው ግን አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም።

ቤልሚሮ


ፎንታል፣ ጁላይ 20 ቀን 1986

ለተከበሩ ወንድሜ ለቤልሚሮ፤ ጤናና ሰላም አይለይዎ።

ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። አቢሊዮ ደህና ነው፤ ወፍሯል። ጀልባዎቹ በሰላም ወጥተው በሰላም ይገባሉ።

ስለ ቀፎው ጠይቀውኝ ነበር። ትንሽ አሸዋ ገብቶበታል። ድሮ ማዕበሉ አሸዋውን አንሥቶ ያቀርብላቸዋል፣ የተረፈውን ጠርጎ ይወስዳል። አሁን የሚመጣው ይመጣል፣ የሚወስደው የለም። ደቃቁ ጭቃ በላያቸው ተኛ። ስለዚህ መጥረጊያና አካፋ ይዤ እወርዳለሁ። ከጠረግሁ በኋላ ውሃውን ከነአሸዋው በባልዲ እየቀዳሁ ከላይ እደፋባቸዋለሁ፤ ማዕበል የመጣ መስሏቸው አፋቸውን እንዲከፍቱ። ዙልሚራ ከላይ ሆና «ዲዮሊንዳ! ድንጋዩ በቀለልሽ ወይ?» ትለኛለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። አቢሊዮ ግን አፍሮ «እማዬ በእመቤታችን፣ ሰው እያየ አታድርጊው» አለኝ። ማንም በሌለበት ሰዓት አደርገዋለሁ።

ሸርጣኑ ሄዷል። በየስንጥቁ የነበሩት ትናንሽ ዓሦችም የሉም፤ ትሉ ቤቱን ካልጠገነ እነሱ የት ይገባሉ? ጥቁሩ ዛጎል ጭቃ ውጦ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። በምትኩ እንደ ፀጉር ያለ አረንጓዴ ነገር በቅሏል፤ ይሸታል። የቤታቸውን ጫፍ በእጄ ብጨብጠው ዱቄት ሆነ። ድሮ በመዶሻም አይበገርም ነበር።

እርስዎ ግን አያስቡ። እንዲያው ወግ ነው የጻፍኩት። ልጄ ደህና ከሆነ ቀፎ ምንድን ነው?

ዲዮሊንዳ


ካራካስ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1987

ለእህቴ ለዲዮሊንዳ፤ ሰላምታዬ ከነቤተሰቤ ይድረስሽ። እኔም በተራዬ ዘገየሁ፤ ምክንያቱ ግን ደስታ ነው። ሉርደስ ልታገባ ነው! ግንቦት ላይ፣ ሜይ አሥራ ስድስት። ልጁ የዚህ አገር ሰው ነው፤ ጨዋ ነው፣ እግሩ ግን ትልቅ ነው።

ስለ አሸዋው አትጨነቂ። የክረምቱ ማዕበል ራሱ ይጠርግልሻል፤ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ እንቢ እንዳትዪኝ። ለሰርጉ ከቀፎው ላይ የተለቀመ ጥቁር ዛጎል ላኪልኝ። እናቴ እንደምትሠራው፣ ሥጋውን በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርትና መዓዛ ባለው ቅጠል አሽገሽ። ጋስፓር ለፋሲካ ወደ ፖርቶ ይሄዳል፤ የመንደራችሁ አውቶቡስ ሾፌር እዚያ ያደርስለታል። የገበያ እንዳይሆን፤ ምላሴ ያውቃል! ሌላው ዛጎል ውሃ ውሃ ይላል፤ የቀፎው ትንሽ ነው፣ ጣፋጭ ነው። ልጄ የመጣችበትን ቦታ አንድ ቀን ትቅመሰው። በሕይወቴ ለራሴ የጠየቅሁት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ቤልሚሮ


ካራካስ፣ ጁን 7 ቀን 1987

ለእህቴ ለዲዮሊንዳ፤ ያስደሰትሽኝን ያህል እግዚአብሔር ያስደስትሽ።

ደረሰ! ሁለቱም ብልቃጥ ሳይሰበር ደረሰ። ክዳኑን ስከፍተው የእናቴ ማጀት ሸተተኝ። ሙሽራዪቱ ቀመሰች፤ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ ደገመች፣ ከዚያ ከእጇ መቀበል አቃተን። የማኅበሩ ሰዎች በዳቦ ኮምጣጤውን ሳይቀር ጠረጉት። ለአንቺ ጤና ጠጣን፣ ለአቢሊዮ ጤና ጠጣን።

ግን ብልቃጡ ውስጥም ውጭም አንድ መስመር ጽሑፍ የለም። ጋስፓርም «ሾፌሩ ሰጠኝ፣ ሌላ አላውቅም» ነው የሚለው። ምነው? ሥራ አብዝቼብሽ ተቀየምሽ?

ቤልሚሮ


ካራካስ፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1987

ዲዮሊንዳ እህቴ፤ ሰላም ለአንቺ ይሁን። ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ ሁለተኛው ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እሑድ ማኅበር ሄጄ ነበር። ስገባ ወሬው ቆመ። ወንበር ለቀቁልኝ፤ እኔ እኮ ወንበር የሚለቀቅልኝ ሽማግሌ አይደለሁም። አንዱ «ከፎንታል ደብዳቤ ደርሶኛል» ብሎ ጀመረና ሌላው ክንዱን ያዘው። «ምንድን ነው?» አልኩ። «ኧረ ምንም፣ ስለ አየሩ ነው» አሉኝ። ፈራሁ። ከሌላ ሰው አፍ ልሰማው አልፈልግም። ንገሪኝ።

ቤልሚሮ


ፎንታል፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1987

ቤልሚሮ፤ ሰላምታ አልጻፍኩልህም። አንቱ ማለትም ደከመኝ።

አቢሊዮ ሞቷል። ከፋሲካ በፊት ነው የሞተው።

ደብዳቤህ ሲመጣ ቀፎው አልቆ ነበር። ከአሸዋው በላይ የሚታይ አንድ ስንዝር እንኳ አልቀረም። ከሌላ መንደር ገዝተን እንላክለት አልኩ። አቢሊዮ «እማዬ፣ ሰውዬው ለእኔ ብሎ ይህን ሁሉ ድንጋይ አስቆልሎ፣ ለልጁ ሰርግ የገበያ ልላክለት? ከግንቡ ወዲያ አለ እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነበር። ከግንቡ ወዲያ፣ ማዕበሉ በሚመታው ድንጋይ ላይ ትሎቹ እንደገና ሠርተዋል። ድሮ እንደምታውቀው ከፍ ብሎ አይደለም፤ እዚያ ማዕበሉ ስለሚበረታባቸው ከድንጋዩ ጋር ተጣብቀው፣ ዝቅ ብለው፣ ጠንክረው ነው የሚሠሩት። የማዕበሉ ጉልበት የሚሰብረውን እነሱ መልሰው ይሠሩታል። ሸርጣኑም ዛጎሉም እነሱን ተከትሎ ወደዚያ ዞሯል። ከእኛ የሸሸው ሁሉ እዚያ ነበር።

ሂድ አላልኩትም። አትሂድም አላልኩትም።

ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆሞ ባሕሩን አዳመጠ። አባቱም እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ አባትህም እንዲህ ነበር። ከጮኸ እንቀራለን፣ ዝም ካለ እንወጣለን፤ እኛ ባሕርን የምናውቀው ከደጃችን በምንሰማው ነው። ዝም ብሏል። «የገንዳ ውሃ ነው» አለና ሄደ። ግንቡ ከቆመ ጀምሮ ሁልጊዜ ዝም እንደሚል፣ ከግንቡ ወዲያ ምን እንዳለ ከደጃችን እንደማይሰማ እሱም አላሰበው፣ እኔም አላሰብኩት። በገዛ ጆሯችን ተታለልን።

አንዱን ቅርጫት ሞልቶ ግንቡ ራስ ላይ አስቀምጧል። ሌላውን ሊሞላ ወረደ። የዙልሚራ ልጆች ከጀልባ ሆነው ማዕበሉ ሲመጣ አይተዋል፤ ጮኹለት። ቀና ብሎ እጁን አወዛወዘላቸው፤ ሰላም ያሉት መስሎት ነው።

ቅርጫቱን አመጡልኝ። አጠብኩት፣ ቀቀልኩት፣ አሽጌ ላክሁልህ። ለምን አትበለኝ። በእጁ የለቀመውን መጣል አልቻልኩም፤ እኔ ደግሞ መብላት አልቻልኩም። መጻፍም አልቻልኩም፤ ሰርግ ነበራችሁ።

ኦራሲዮን ባሕሩ በሳምንቱ መልሶልኝ ነበር። አቢሊዮን አልመለሰም። ባሕሩ ዳር ባለው ጸሎት ቤት ደጅ ተቀምጬ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ ውሃው የግንቡን ጫፍ ዞሮ ወደ ውስጥ ያስገባውን ሁሉ እዚያው ይጥለዋል፤ አሸዋ ይተኛበታል። ልጄ ከእነዚያ ትሎች ጋር አሸዋ ሥር ነው። ከደጄ ሆኜ ቦታውን አየዋለሁ።

ያኔ ግንብ ለመንኩህ፣ አደረግክልኝ። አሁን አፍርሱልኝ። ሁሉንም አላልኩም፤ መካከሉን ብቻ ክፈቱልኝ። ማዕበሉ ይግባ፣ አሸዋውን ያንሣው። ማኅተሙ አላችሁ። ልጄን ልቅበር።

ዲዮሊንዳ


ካራካስ፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1988

ዲዮሊንዳ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።

ያንን ብልቃጥ እየሳቅሁ ነው የበላሁት፤ ይህን ይዤ እሞታለሁ። ለሉርደስ አልነገርኳትም። ነፍሰ ጡር ናት።

ማኅበሩን ሰበሰብኩ። ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው፤ አሁንም አለቀሱ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አንድም ሰው አልፈረመም። አንዱ ተነሥቶ «ወንድሜ እዚያ ባሕር ላይ ነው፤ አራት ልጆች አሉት» አለ። ሌላው «ግንቡ ከቆመ ወዲህ ሲገባ የሰጠመ ጀልባ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። የለም፣ ዲዮሊንዳ።

ልዋሽሽ አልፈልግም፤ እነሱ ብቻ አይደሉም። ሁሉም ከወጡ በኋላ እስክሪብቶውን ብቻዬን አነሣሁት። አባቴ ታየኝ። የዙልሚራ ልጆችም ታዩኝ። እኔም አልፈረምኩም።

ነዪ ከእኛ ጋር ኑሪ። ክፍል አለን። እዚህ ባሕሩ አይታይም።

ቤልሚሮ


ፎንታል፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1988

ቤልሚሮ፤ የሉርደስን ማሕፀን እመቤታችን በሰላም ትፍታላት።

አልመጣም። ልጄ እዚህ ነው።

አለመፈረምህ ልክ ነው። ይህን ለማለት ወር ፈጀብኝ። እኔ ራሴ እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ፣ አቢሊዮም በሕይወት ቢኖር፣ የሌላ ሴት ልጅ አሸዋ ሥር ቢሆን፣ አልፈርምም ነበር።

መጥረጊያውን ለዙልሚራ ሰጠኋት። ቀፎው የነበረበት ቦታ አሁን እግር ያሰምጣል፤ ለሽርሽር የሚመጡ እንግዶች ልጆቻቸውን እያመጡ ያጫውቱበታል፤ ውሃው ረጋ ያለ ነው ይላሉ። በአካፋ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ሳይ እሮጣለሁ፣ ምን እንዳገኙ ለማየት። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይሰበስቡብኛል። የማናውቃት ሴት ናት ብለው ይፈሩኛል።

ትናንት ማታ የዙልሚራ ልጆች ከባሕር ሲመለሱ በደጄ አለፉ። እየተጎሻሸሙ ይስቃሉ። ሲያዩኝ ሳቃቸውን ዋጡ። ትንሹ ጠጋ ብሎ «አክስቴ፣ እንደምን አመሸሽ? ትኩስ ነው» አለና ሁለት ዓሣ ከእጄ ላይ አኖረ። ጥሩ ልጅ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ኩፍኝ ሲይዘው ያስታመምኩት እኔ ነኝ።

ጠላሁት፣ ቤልሚሮ። ቆሞ እየተነፈሰ ስላየሁት ጠላሁት። ማዕበሉ መጥቶ እሱንም ወንድሙንም ቢወስዳቸው ብዬ ተመኘሁ፤ ዓሣውን በእጄ ይዤ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» እያልኩት።

ለአቢሊዮ ጸሎት አታድርስ፤ እሱ ምንም አላደረገም። ለእኔ አድርስ።

ዲዮሊንዳ